ሁለት መውጫ ያላት ሳጥን

ዝናቡ ባይይዘው ኖሮ ግድግዳው የሚሉት ሰው በዚያ መንገድ ላይ የሚቆምበት ጉዳይ አልነበረውም። ቤዝ ጊታሩን አዝሎ፣ ቅስሙ ተሰብሮ ወደ ቤቱ ሲያዘግም ሰማዩ ተቀደደና መጀመሪያ ያየው ታዛ ሥር ሮጦ ገባ። እሱ ቢረጥብ ግድ የለውም፤ ጊታሩ እንዳይረጥብ ግን ጀርባውን ወደ በሩ አዙሮ ደረቱን ለዝናቡ ሰጠ።

"ግድግዳው" ብለው ስም ያወጡለት የባንዱ ጓደኞቹ ናቸው፤ ሁሉም ይደገፈዋል፣ ማንም አያየውም ለማለት ነው። ሳምንቱን ሙሉ በርና መስኮት የሚሠራ አናጢ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ሰርግ ላይ ቤዝ ይመታል። ሃያ ሁለት ዓመት መቷል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ግን አንድም ቀን ተቀርጾ አያውቅም። የተጫወተው ሁሉ ወንበሮቹ ሲሰበሰቡ አብሮ ተሰብስቦ ይሄዳል።

"ግባ እንጂ! ያ ታዛ እንደሆነ ወንፊት ነው" አለ ከውስጥ የወንድ ድምፅ።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ግን የሁለት ሰው አገር ነው። በግራ በኩል የልብስ ስፌት መኪና፣ የተንጠለጠሉ ሱሪዎች፣ መቀስና ሜትር። በቀኝ በኩል ሆዳቸው የተከፈተ ሬዲዮኖች፣ የሽቦ ጥቅሎች፣ በድስት ክዳን ላይ የተደረደሩ ብሎኖች። በመካከሉ ወለሉ ላይ በጠመኔ መስመር ተሰምሯል። በግራ ጸጉሩ የሸበተ ልብስ ሰፊ፣ በቀኝ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ስድሳን ያለፈች ሴት ተቀምጠዋል። ባልና ሚስት መሆናቸውን ለማወቅ ሁለት ዓረፍተ ነገር በቂ ነበር።

"ጠመኔውን እንዳትረግጥ" አለው ሰፊው። "ድንበር ነው። ከዚያ ወዲያ የሷ መንግሥት ነው፤ እኔ እንኳ ያለ ፈቃድ አልሻገርም።"

"ትሻገራለህ እንጂ! የጣልከውን መርፌ ፍለጋ በቀን አሥር ጊዜ ትመጣለህ" አለች ሴትየዋ ቀና ሳትል። "አንተ ሰውዬ፣ እስቲ መኪናህን አንዴ አቁምልኝ፤ ይኼን ሬዲዮ ላዳምጥበት።"

ሰፊው የመኪናውን ሞተር አጠፋ። ሴትየዋ ጆሮዋን ወደ ሬዲዮኑ አስጠግታ፣ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። አንዲት ቀጭን ሽቦ በወረንጦ ያዘች፤ ወደ ጎን አለቻት፤ ራሷን ነቀነቀች። "ቀጥል" አለችው። መኪናው እንደገና መንጫረር ጀመረ።

ግድግዳው ይህን ሲያይ ሆዱ ውስጥ ያለው ነገር ወደ ምላሱ መጣ። እሱ ሳይጀምር ግን እሷ ጊታሩን አየችና፣ "ታሟል እንዴ?" አለችው።

"በምን አወቁ እትዬ?"

"ጤነኛ ዕቃ የተሸከመ ሰው እንዲህ አያዝንማ።"

ተቀመጠና ነገራት። ባንዱ ከስንት ዓመት ጉጉት በኋላ ዘፈኖቹን ለማስቀረጽ ስቱዲዮ ገብቷል። ከበሮው ደህና ወጣ፤ ኪቦርዱም ደህና ወጣ። የቤዝ ተራ ሲደርስ ጣጣ መጣ። ባለ ስቱዲዮው ጊታሩን በአንድ ገመድ ቀጥታ ድምፅ ከሚቀላቅለው ሚክሰር ጋር አገናኘው። ድምፁ ጥርት አለ፤ ግድግዳው ግን መጫወት አቃተው። ዕድሜ ልኩን ከኋላው አምፕሊፋየር እየገፋው፣ የሱሪው እግር እየተርገበገበ የተጫወተ ሰው ነው፤ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ሲሆን በሌላ ሰው ጣት የሚጫወት መሰለው። ስለዚህ ገመዱን ለሁለት ከፈሉት። አንዱ ቀጥታ ወደ ሚክሰሩ፣ ሌላው ወደ አምፕሊፋየሩ፤ አምፕሊፋየሩ ፊት ደግሞ ማይክ አቆሙ። አንዱ ጥራቱን፣ ሌላው ሥጋውን ይስጠው ተብሎ። ጣቱ ያን ጊዜ ነፍስ ዘራ። ነገር ግን "እምምምም" የሚል ጉርምርምታ አብሮ ተከተለ።

"አንዱን ስንነቅለው ዝም ይላል፤ ሁለቱ ሲሰኩ ይጀምራል" አለ ግድግዳው። "እንደ ጣውንቶች። ለየብቻ ሲሆኑ እኮ ምንም አይላቸው።"

"እሺ፤ ከዚያስ?"

"ከዚያማ ባለ ስቱዲዮው ብልሃት አገኘ። የአምፕሊፋየሩን ስፒና ሦስተኛ ጥርስ በፒንሳ ቆረጠው። ወዲያው ጸጥ!"

የስፌት መኪናው ቆመ። አሁን ማንም አቁም አላለውም ነበር።

"ቆረጠው?" አለች ሴትየዋ።

"ቆረጠው። ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። እኔ ዘፈን ተቀባይም ነኝ። ለልምምድ የሚክሰሩን ገመድ ነቅለን ጊታሩን በአምፕሊፋየሩ ብቻ ስመታ፣ ከንፈሬ የምቀበልበትን ማይክ ሲነካ ይቆነጥጠኛል። ለባለ ስቱዲዮው ብነግረው 'ጊታርህ ነው የተበላሸው' አለ። እስከ ነገ ወዲያ ካልተስተካከለ ቤዙን በኪቦርድ ይሞላዋል።" ዓይኑን ወደ ወለሉ ጣለ። "ኪቦርዲስቱ በግራ እጁ ይሠራዋል። ሰሚ አይለየውም አሉ። እውነታቸውን ይሆናል።"

"ስንቴ ቆነጠጠህ?"

"ሦስቴ፣ አራቴ። ቀላል ነው እትዬ፤ እንደ ጉንዳን።"

"እንደ ጉንዳን!" መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። "አንተ ልጅ፣ እናትህ አለች?"

"አለች።"

"በሷ ሞት! ያንን ማይክ ዳግመኛ በከንፈርህ እንዳትነካ። ጊታርህ ጤነኛ ነው። ያ ሦስተኛ ጥርስ ለጌጥ የገባ መሰላችሁ? መብራቱ መንገዱን ስቶ ወደ ዕቃው አካል ቢወጣ፣ በዚያ ጥርስ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል። ጥርሱን ስትቆርጡት መብራቱ መሬት መፈለጉን አይተውም፤ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። መንገዱ አንተ ነህ። የሚክሰሩ ገመድ ሳለ በሱ በኩል ያመልጥ ነበር። ገመዱን ስትነቅሉት ከንፈርህ ቀረ።"

ግድግዳው ሳያውቀው ከንፈሩን ዳሰሰ። ሕይወቱ አንድ ጣት በማትሞላ ሽቦ ተንጠልጥሎ ቆይቷል። 

"ንገሪው እንጂ" አለ ሰፊው ከድንበሩ ማዶ።

"አንተ ንገረው። ያንተ እጅ ላይ አይደል ያለው?"

ሰፊው ቀኝ እጁን አነሳ። ሁለቱ ጣቶቹ ቀጥ ብለው ቀርተዋል፤ አይታጠፉም። እየተቀባበሉ፣ እየተራረሙ፣ አንዳንዴም እየተሰዳደቡ የነገሩት ታሪክ ይህ ነው።

እሷ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ስልክ ቤት ገባች፤ ጥሪ አገናኝ ሆና። ጆሮዋ ላይ ቀኑን ሙሉ የሰው ድምፅ ነበር፤ ከሰው ድምፅ ጀርባ ግን አንድ ጉርምርምታ ትሰማለች። ለአለቃዋ ብትነግረው "ጆሮሽን ታጠቢ" አላት። ጆሮዋን ታጠበች፤ ጉርምርምታው አልለቀቀም። ስለዚህ በየትኛው መስመር፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ በደብተር ትጽፍ ጀመር። ሦስት ወር ጻፈች። ደብተሩ ሲታይ ጉርምርምታው የሚመጣው ወፍጮ ቤቱ ሥራ ሲጀምር፣ የሚሄደው ወፍጮው ለምሳ ሲቆም ሆኖ ተገኘ። መስመሩ በወፍጮው ጎን ያልፍ ነበር። አለቃዋ ደብተሩን አንብቦ ሲጨርስ፣ ሠላሳ ወንዶች ወደሚማሩበት የቴክኒክ ትምህርት ሠላሳ አንደኛ አድርጎ ላካት። "እትዬ መስመር" የሚለው ስም ያን ጊዜ ወጣላት፤ እስከ ዛሬ የሰፈሩ ሰው ሌላ ስም እንዳላት የሚያውቅ አይመስልም።

ከዚያ ቀጥሎ ጥፋቷ መጣ። አንድ አነስተኛ ጣቢያ ውስጥ የሚያጉረመርም ዕቃ እንድትጠግን ተላከች። ምክንያቱን ፈልጋ አጣች፤ ቀኑም መሸባት። በመጨረሻ የመሬቱን ሽቦ ፈታችው፤ ጸጥ አለ። "አጨበጨቡልኝ" አለች፤ ይህን ስትል ግድግዳውን ሳይሆን የባሏን እጅ ነበር የምታየው። በስምንተኛው ቀን አንድ የስልክ መስመር ሠራተኛ መሰላል ላይ ሆኖ ያንን ዕቃ ነካ። መብራቱ ወርውሮ ጣለው።

"ያ ሰው ይኸውልህ" አለ ሰፊው፣ ራሱን ለእንግዳ እንደሚያስተዋውቅ ሰው ጎንበስ ብሎ። "ሌላው ሰው በዓይን ይያዛል፤ እኔ በመብራት ተያዝኩ።"

ማንም ምክንያቱን አላወቀም ነበር። ዝም ብትል ዝም ይባል ነበር። እሷ ግን "ሽቦውን የፈታሁት እኔ ነኝ" ብላ በገዛ እጇ ጽፋ ለአለቃዋ ሰጠች። ስድስት ወር ከሥራ ተነስታ የተጣሉ ዕቃዎች ዕቃ ቤት ውስጥ እንድትቀመጥ ተፈረደባት። ሌላ ሰው ቢሆን እያለቀሰ ይጨርሰው ነበር። እሷ አሮጌ ትራንስፎርመሮችን አንድ በአንድ ፈታች፤ የተጠመጠመውን ሽቦ እየቆጠረች ፈታች፤ እየቆጠረች መልሳ ጠመጠመች። የመሬትን ሽቦ ሳይነኩ ጉርምርምታን ማጥፋት የሚቻልበትን መንገድ ያገኘችው ቅጣት ላይ ሆና ነው።

ሐኪም ቤት ደግሞ በየቀኑ ትሄድ ነበር። "መጀመሪያ ይቅርታ ልትጠይቅ መጣች" አለ ሰፊው። "ቀጥላ የሚነበብ ነገር ይዛ መጣች። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ሳትመጣ ብትቀር እኔ ተናደድኩ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ እንደተበላሸ የገባኝ።"

"ቀባጣሪ" አለችው፤ ግን ፈገግ ብላ ነበር።

መሰላል መውጣት ሲያቅተው መርፌ ያዘ። በሦስት ጣት ክር ማስገባት እስኪችል አንድ ዓመት ፈጀበት። እሷ ከስልክ ቤት በጡረታ ስትወጣ ክፍሉን ለሁለት ከፈሉት። እስከ ዛሬ ድረስ ጠግና የምትመልሰውን ዕቃ ሁሉ ስፒናውን አይታ ነው የምታስረክበው። "እትዬ፣ እኔ ያመጣሁት ሬዲዮኑን ነው፤ ገመዱን ማን ንኪ አለሽ?" የሚላት አይጠፋም። "ገመዱ ዘመዴ ነው፤ ሳልጠይቀው አላልፍም" ትለዋለች።

ዝናቡ ካባራ ቆይቶ ነበር። ግድግዳው ለመነሳት ከጅሎ፣ "ታዲያ እትዬ፣ ጥርሱ ከተመለሰ ጉርምርምታውም ይመለሳል፤ እኔም በኪቦርድ እተካለሁ" አለ። "ለኔ የሚሆን መንገድ የለም ማለት ነው?"

ከመደርደሪያው አንድ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ አወረደች። "ሁለት ሽቦ በአንድ ብረት ላይ ትጠመጥማለህ፤ ግን አይነካኩም። በአንዱ የገባው ድምፅ በሌላው ይወጣል። ድምፁ ይሻገራል፣ መሬቱ አይሻገርም። በአጥር ላይ የሚያወሩ ጎረቤቶች አላየህም? ወሬው ያልፋል፤ እግር አያልፍም።" ቆርቆሮውን በጣቷ አንኳኳችው። "አንድ መግቢያ፣ ሁለት መውጫ። አንዱ ቀጥ ብሎ ወደ አምፕሊፋየርህ ይሄዳል፤ ሌላው በአጥሩ ላይ ተሻግሮ ወደ ሚክሰሩ። ነገ ወዲያ በስንት ሰዓት ነው ቀጠሯችሁ?"

"በአራት ሰዓት።"

"እመጣለሁ።"

ስቱዲዮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ጎንና ጎኑ ሁሉ የእንቁላል ካርቶን ለብሷል፤ በሩ ላይ ፍራሽ ተቸንክሯል። አምፕሊፋየሩ ከቀረጻው ክፍል ውጭ፣ መጥረጊያና ባልዲ የሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ገብቷል። እትዬ መስመር ሦስት ፎቅ ወጥታ ትንፋሿ ሳይመለስ ፌስታሏን ፈታች። ባለ ስቱዲዮው፣ ሠላሳ ያልሞላው ቀልጣፋ ሰው፣ ከሚክሰሩ ጀርባ ብድግ አለ።

"እማማ፣ ይቅርታ፣ ይኼ እኮ ሬዲዮ አይደለም።"

"አይደለም፤ ሬዲዮ እንዲህ አያጉረመርምም" አለችና ወደ ባልዲው ክፍል ገባች። ከሁሉ አስቀድማ የተቆረጠውን ስፒና በአዲስ ለወጠችው። ከዚያ እንደ ቀድሞው ሁለቱን ገመዶች ሰካቻቸው። ጉርምርምታው በጆሮ ማዳመጫው ሁሉ ሞላ።

"ይኸዋ! መልሰው አመጡት!" አለ ባለ ስቱዲዮው።

"አዎ አመጣሁት። ይኼኛው ጆሮ ነው የሚጎዳው፤ የበፊቱ ሰው ነበር።"

የብስኩት ቆርቆሮውን በመካከል አስገባች። ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ማብሪያ፣ ወደ ሚክሰሩ የሚሄደውን ገመድ መሬት ብቻ የምትለየውን፣ ቀጭ አደረገች። ጉርምርምታው የተቆረጠ ያህል ጠፋ። አምፕሊፋየሩ ጥርሱን ሞልቶ መሬቱን እንደያዘ ነው፤ ሚክሰሩም እንደዚያው። ባለ ስቱዲዮው የድምፁን ልክ ከፍ አደረገ፤ ጸጥታ። ይበልጥ ከፍ አደረገ፤ የግድግዳው ትንፋሽ በሚቀበልበት ማይክ በኩል ተሰማ።

"ምታው" አለው።

ግድግዳው መታው። ቀጥታ የገባው ብቻውን ጥርት ያለ ነበር። ከአምፕሊፋየሩ የመጣው ብቻውን ደረት የሚሞላ ነበር። ባለ ስቱዲዮው ሁለቱን አንድ ላይ ሲከፍት ግን ድምፁ ሟሸሸ፤ ታችኛው ወፍራም ክር ሁሉ አጥንቱ እንደወጣ ሆኖ ቀረ። ለየብቻ ሁለት ጎበዝ፣ አንድ ላይ አንድ ሕመምተኛ።

ኪቦርዲስቱ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ቀስ ብሎ መሣሪያውን ማብራቱን ግድግዳው በዓይኑ ጠርዝ አየ።

"እማማ፣ ለፍተዋል፤ እግዜር ይስጥልን" አለ ባለ ስቱዲዮው፤ ክፋት አልነበረበትም። "ግን እንግዲህ ቀኑ ዛሬ ነው። በኪቦርድ እንሙላውና እንገላገል። ጋሼ፣ ቅር አይበልህ።"

ግድግዳው ማንገቻውን ከትከሻው ሊያወርድ እጁን ሰደደ። ሃያ ሁለት ዓመት ቅር ሳይለው ኖሯል፤ አሁንም ቅር ሳይለው ሊሄድ ነበር።

"እጅህን መልስ" አለችው እትዬ መስመር። ዓይኗን ጨፍና እያዳመጠች ነበር። ቀጥላ ለባለ ስቱዲዮው፣ ለኪቦርዲስቱ፣ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው" አለች። "የጠመጠምኩትን ሽቦ ጫፎች አዛውሬ በይጃቸዋለሁ። በባልዲው ክፍል ያለው ሲገፋ፣ ይኼኛው ይስባል። በአንድ በር አንድ ጎን ቆመው የተጣሉ ባልና ሚስት በላቸው፤ ሁለቱም ጉልበት አላቸው፣ በሩ ግን አይነቃነቅም።"

ባለ ስቱዲዮው ከሚክሰሩ ጀርባ ወጥቶ ወደ ቆርቆሮው ቀረበ። እዚያ ክፍል ውስጥ ሰው ሁሉ ጥፋትን በጊታር፣ በገመድ፣ በመብራት ኃይል ሲያላክክ ነው የሚያውቀው። "ስንት ሰዓት ይፈጃል?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"አንተ አንዴ እስክታዛጋ።"

ክዳኑን ከፈተች። መበየጃዋ እስኪግል ጠበቀች፤ ሁለት ሽቦ ፈታች፤ የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ በየደች። የስድሳ ሁለት ዓመት እጅ ነው፤ ጫፉ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ሽቦው ጋ ሲደርስ ግን ይረጋል። ግድግዳው አናጢ ነውና ይህን ዓይነት እጅ ያውቃል። ሚስማር ላይ ሲደርስ ብቻ የሚረጋ እጅ የነበረው ሰው ነው ሙያ ያስተማረው።

"በል።"

መታው። የባልዲው ክፍል ገፋ፤ የብስኩት ቆርቆሮውም አብሮ ገፋ። ወለሉ ከጫማው ሥር ተነስቶ በጉልበቱ በኩል ወደ ሆዱ ወጣ፤ በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ የጣቱ ንክኪ እንደ ተላገ እንጨት ጠርዝ ወለል ብሎ ተሰማው። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አግኝቶ አያውቅም ነበር። የመጀመሪያውን ዘፈን ከዳር እስከ ዳር፣ ያለ አንድ ስህተት፣ ቀና ሳይል መታው።

ሲጨርስ ባለ ስቱዲዮው የቀረጻውን ክፍል ከሚለየው መስታወት ማዶ ወደ ፊት ጎንበስ አለ።

"ጋሼ፣ አንዴ ድገምልኝ።"

ግድግዳው ጣቱን ከክሩ አነሳ። "ተበላሸ?"

"የለም፣ አልተበላሸም። ልስማው ብዬ ነው።"

ጥጉ ላይ ኪቦርዲስቱ እጁን ዘርግቶ መሣሪያውን አጠፋና ወንበሩን ወደ መስታወቱ አስጠጋ። እስከ ስምንት ሰዓት አራት ዘፈን ተቀረጸ። እትዬ መስመር ከባልዲው ክፍል በር አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ስልክ ቤት እንዳለች ሁሉ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ፣ አንዱንም ሳታመልጥ ሰማች።

ስትሄድ ባለ ስቱዲዮው ቆርቆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ሊመልስላት መጣ። "እዚሁ ትቀመጥ" አለችው። "የመጣ ቤዝ መቺ ሁሉ ይሰካባት። ያንን ፒንሳ ግን ከስፒና አርቀው።" ባለ ስቱዲዮው "እሺ እማማ" ሲል ጆሮው ድረስ ቀልቷል።

ግድግዳው እስከ ደረጃው ሸኛት።  "ሥራው ሲወጣ ስምዎን እናጽፍበታለን እትዬ" አለ።

"ስሜን ተወው። ሌሎች ቤዝ መቺዎች ታውቃለህ?"

"እዚህ ያለነው ሁሉ እንተዋወቃለን።"

"እንግዲያው ንገራቸው። ጥርስ የቆረጠ ሁሉ ስፒናውን ይዞ ይምጣ። አፍሮ እንዳይደብቀው፤ እሷም አንድ ጊዜ ቆርጣ ነበር በላቸው። አልቆጣም።"

ሁለት እርከን ወረደችና ዞራ አየችው።

"እቆጣለሁ። ግን ይምጡ።"